የሥራ ወራት ዕረፍት፦ ክረምት፣ ሻደይ እና የዋግ ኽምራ የጊዜ ሥርዓት

ሰው ከሥራው ጋብ ብሎ ወቅቱን በሙሉ ልቡ እንዲያጣጥም መምከር በብዙ አገሮች የተለመደ ሲሆን፣ ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ ምድር የምታምርበት ጊዜና ሥራ የሚቀልበት ጊዜ ይገጣጠማሉ ከሚል ግምት ይነሣል። በአውሮፓ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የምትደምቅባቸው፣ ፋብሪካውም ቢሮውም የሚቀዘቅዝባቸው ወራት ስለ ሆኑ ግምቱ እዚያ ያስኬዳል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ግን፣ በተለይም በሰቆጣና በዙሪያዋ ባለው የዋግ ኽምራ ምድር፣ እነዚሁ ወራት የዝናብ፣ የእርሻና የአረም ወራት በመሆናቸው ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ የሚለብስበት ጊዜ ገበሬው ቀና ብሎ ለማየት ፋታ የሚያጣበት ጊዜ ነው። የዚህ ትምህርት ጥያቄ እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ከሥራ መቀዝቀዝ እንዴት ይቻላል የሚል ነው።

ዋግ ለዚህ ጥያቄ ረጅም ዕድሜ ያለው መልስ አለው። መልሱ ዕረፍትን ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድና አቅም አይተውም፤ ቀኑን አስቀድሞ ይወስናል፣ ሁሉንም በአንድነት ያስቆማል፣ በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚደክመውን ሰውም ለይቶ ያሳርፋል። ከነሐሴ 16 እስከ 21 የሚከበረው የልጃገረዶች በዓል፣ ሻደይ፣ የዚህ ሥርዓት ዋና ማሳያ ስለ ሆነ ትምህርቱ አስቀድሞ ወቅቱንና ሥራውን፣ ቀጥሎ የበዓላቱን ሥርዓት፣ ከዚያም ሻደይን፣ በመጨረሻም ሥርዓቱ ያለበትን ክርክርና የዛሬውን የደመወዝተኛ ዕረፍት ይመለከታል።

ወቅቱና ሥራው

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ይይዛል። በዋግ ኽምራ የሰማዩ ክረምት ከመጽሐፉ ክረምት ያጥራል፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ገብቶ ፈጥኖ የሚወጣ ነው። ሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ከተቀመጠችበት ደጋ ጀምሮ እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ ምድሩ በገደልና በሸንተረር የተቆራረጠ፣ አፈሩ በዘመናት መሸርሸር የሳሳ በመሆኑ፣ ዝናቡ ሲመጣ ያልተዘጋጀ ማሳ ዓመቱን ሙሉ የሚያስቆጭ ማሳ ይሆናል። ስለዚህ በዋግ ጊዜ እንደ ውኃ ይቆጠባል፤ የዘር ሳምንት አንዴ ካለፈ በገንዘብም በጉልበትም አይመለስም።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህን ጥበት በግልጽ ያሳያል። በበልጉ መጨረሻ ማሳው ተደጋግሞ ይታረሳል፤ ማሽላው ቀደም ብሎ፣ ገብሱና ስንዴው ቀጥሎ፣ ጤፉ በሐምሌ ይዘራል፤ ዘሩ እንደ በቀለ አረሙ አብሮት ይበቅላልና ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ የአረም ጊዜ ነው። ሞፈርና ቀንበር የወንዱ ድርሻ ሲሆኑ፣ አረም የሴቶችንና የልጆችን ጉልበት አብዝቶ የሚጠይቅ፣ ጎንበስ ብሎ ቀኑን የሚያስውል ሥራ ነው። ከማሳ ሲመለሱ ደግሞ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል መፍጨት፣ እንጀራ መጋገርና ታናናሾችን መጠበቅ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ስሌት ከቤተሰቡ መካከል ዕረፍቷ እጅግ የሚጠበው ገና ያላገባችው ልጃገረድ ናት፤ በማሳው የአባቷ፣ በጓዳው የእናቷ ረዳት በመሆኗ የሁለቱም ሥራ ሲያልቅ የእርሷ አያልቅም።

ይሁንና ይኸው ወቅት የሚጣጣመውን ነገር ሁሉ ይዞ ይመጣል። ዘጠኝ ወር ያህል ቡናማ ሆኖ የከረመው ተራራ ይለመልማል፣ የደረቀው ጅረት ይፈሳል፣ ላሟ ሣር አግኝታ ወተቷ ይበረክታል፤ በመስከረም ደግሞ ሜዳው በአበባ ሲሞላ ዋግ የሚታወቅበትን ማር የሚሠሩት ንቦች ሥራቸውን ያበረታሉ። ይህ ሁሉ ከጥቂት ሳምንታት በላይ የማይቆይ መሆኑ የወቅቱን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ ሥራውንና ደስታውን በአንድ ጠባብ በር የሚያስገባውም ይኸው እጥረት ነው።

በጋራ የመቆም ሥርዓት

አንድ ገበሬ ብቻውን አርፋለሁ ቢል የሚያገኘው ዕረፍት የተሸበረ ነው፤ ጎረቤቱ ሲያርስ እርሱ ቢቀመጥ ልቡ ከማሳው አይነሣም፣ ሰነፍ የሚል ስምም ይከተለዋል። የደገኛው ኅብረተሰብ ይህን ችግር የፈታው በበዓል ነው። በዓል በዚህ አገባብ መደሰቻ ቀን ብቻ ሳይሆን የተወሰኑ ሥራዎች በሁሉም ላይ የሚከለከሉበት ቀን ነው፤ ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃትና መፍጨት ይቆማሉ፣ ከብት ማገድና ምግብ ማሰናዳት ግን ይቀጥላሉ። ክልከላው ሁሉን በእኩል ስለሚይዝ የሚያርፈው ሰው ከማንም ወደ ኋላ አይቀርም፤ የኅሊናውን ሰላም የሚያገኘውም ከዚህ እኩልነት ነው።

ሥርዓቱ በሦስት እርከን የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ሳምንታዊው ዕረፍት ሲሆን፣ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም እንዲከበር የተደረገው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው የሁለቱን ሰንበታት መከበር አጥብቀው ቢያስተምሩ ከቤተ ክህነቱም ከቤተ መንግሥቱም ተቃውሞ ገጥሟቸው የነበረ ሲሆን፣ ነገሩ የጸደቀው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። ሁለተኛው እርከን ወርኃዊው ነው፤ በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ይከበራሉ፤ እነዚህም ግዝት በዓላት ይባላሉ፣ ማለትም ሥራ መሥራት በውግዘት የተከለከለባቸው ናቸው። በዚህ ላይ የየአጥቢያው ታቦት ቀን ይጨመራል። ሦስተኛው እርከን ዓመታዊው ሲሆን ለክረምት የተሰጠው ታላቁ ድርሻ ፍልሰታ ነው፤ ይህም የእመቤታችን ዕርገት የሚታሰብበት፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለ15 ቀናት የሚጾምና ነሐሴ 16 የሚፈታ ጾም ነው።

ይህ ሥርዓት በቁጥር ሲታይ ቀላል አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ካሉት 60 ቀናት ውስጥ ቅዳሜና እሑድ 17 ያህል ሲሆኑ፣ ስድስቱ ግዝት በዓላት ሲጨመሩና የተደራረቡት ሲቀነሱ፣ የየአጥቢያው በዓል ሳይቆጠር ከ20 ያላነሱ ቀናት ከእርሻ ነፃ ይሆናሉ፤ ሥራው እጅግ በሚጠብቅበት ጊዜ ከሦስት ቀን አንዱ ለዕረፍት ተለይቷል ማለት ነው። የቀረውን ቀን ጥሩ አድርጎ ለመጠቀም ደግሞ ደቦና ወንፈል የሚባሉት የጉልበት መተጋገዣ ልማዶች አሉ፤ ደቦ ብዙ ሰው ተጠርቶ፣ ጠሪው አብልቶና ጠላ አጠጥቶ በአንድ ቀን የሚሠራበት ሲሆን፣ ወንፈል ጎረቤቶች ቀን ለቀን ተራ በተራ የሚበዳደሩበት ነው። ዕረፍቱም ሥራውም በጋራ የሚደረግ መሆኑ ሁለቱ እንዲደጋገፉ ያደርጋቸዋል፤ በዓሉ የወሰደውን ቀን ደቦው በከፊል ይመልሰዋል።

ሻደይ

ከዚህ ሁሉ በላይ የወቅቱን ማጣጣም በግልጽ ዓላማው ያደረገው ሻደይ ነው። በዓሉ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በልዩ ልዩ ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በዋግ ስሙን የያዘው ልጃገረዶች በወገባቸው ዙሪያ የሚያስሩት ቅጠለ ረጅም ለምለም ሣር ሲሆን፣ ይህ ሣር በሚፈለገው ርዝመትና ልምላሜ የሚገኘው ዝናቡ ሥራውን ሠርቶ ባለበት በነሐሴ አጋማሽ ነው። በዓሉ እንግዲህ ከቀን መቁጠሪያው በተጨማሪ በምድሪቱ ልምላሜም የተያዘ ነው፤ ክረምቱ ካልዘነበ ወገብ ላይ የሚታሰረውም አይገኝም።

የበዓሉ መነሻ በተለያየ መንገድ ይተረካል። አንዱ ትረካ ርግብ ለኖኅ ይዛለት ከመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ስለ ዮፍታሔ ልጅ ከተጻፈው ጋር፣ ማለትም የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ አራት ቀን እየወጡ ያስቧት ከነበረው ልማድ ጋር ያገናኘዋል፤ ሦስተኛውና በስፋት የሚነገረው የእመቤታችንን ዕርገት በደስታ ከማክበር ጋር ያስተሳስረዋል። ሦስቱ ትረካዎች በመነሻ ቢለያዩም ውኃ ጎድሎ ምድር መገኘቷን፣ ልጃገረዶች ከቤት ወጥተው በአንድነት መዋላቸውንና ከኀዘንና ከጾም በኋላ ደስታ መምጣቱን አንድ ላይ ያመጣሉ፤ እነዚህም ሦስቱም በበዓሉ አፈጻጸም ውስጥ ይታያሉ።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ፍልሰታ ሊፈታ ሲቃረብ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ይሠራሉ፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውንና ጌጣቸውን ያሰናዳሉ፣ ከእኩዮቻቸው ጋርም ቡድን ይመርጣሉ። ነሐሴ 16 ቀን ሣሩን ታጥቀው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱና ጨዋታውን ከዚያ ይጀምራሉ፤ ቀጥለውም ከበሮ እየመቱና እያጨበጨቡ በየቤቱ ይዞራሉ። የቤቱን ጌታና እመቤት በዘፈን ያወድሳሉ፣ ንፉጉን ይሸነቁጣሉ፣ የተሰጣቸውን ገንዘብና እህል ተካፍለው በጋራ ድግስ ይፈጽማሉ። በዓሉ በኽምጣናም በአማርኛም ይዘፈናል፤ ኽምጣና የአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ አገዎች የዛግዌን ሥርወ መንግሥት ያቆሙ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋው በአደባባይ የሚሰማባቸው አጋጣሚዎች ባልበዙበት ዘመን ሻደይ ልጆች ግጥሙን ከታላላቆቻቸው የሚቀበሉበት ትምህርት ቤትም ሆኖ አገልግሏል።

ስለ ዕረፍት ለሚጠይቅ ሰው ከበዓሉ የሚገኘው ዋና ትምህርት በአራት ነገሮች ላይ ያርፋል። አንደኛው የቀኑ ምርጫ ነው፤ ነሐሴ 16 ዘር የተጠናቀቀበት፣ አጨዳ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ስለ ሆነ በዓሉ በሥራው መጋጠሚያ ላይ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው ዝግጅቱ ነው፤ ሰው ከሩጫ ወደ ጨዋታ በአንድ ጊዜ አይዘልም፣ ከበዓሉ በፊት ያሉት 15 የጾም ቀናት ምግቡንም፣ ወሬውንም፣ እርምጃውንም ስለሚያዘገዩ ሰውነት ለዕረፍት ተዘጋጅቶ ይደርሳል። ሦስተኛው የባለ መብቷ ማንነት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ስትላክ የከረመችው ልጅ በእነዚህ ቀናት ከቤት ሥራ ነፃ ትሆናለች፣ ያለ ፈቃድ ወጥታ መዋልም፣ ታላላቆቿን በግጥም መንካትም ይፈቀድላታል። አራተኛው የሌላው ሰው ግዴታ ነው፤ በዓሉ የሚቆመው ሌሎች በር ከፍተው ሲቀበሉ፣ ሲሰጡና ልጃገረዶቹ ሲሰድቧቸው ሲታገሡ ስለ ሆነ የአንዷ ዕረፍት በሌላው ትከሻ ላይ የተጫነ ነው። እነዚህ አራቱ ከተለያዩ በዓሉ ስሙ ይቀራል እንጂ ሥራውን አይሠራም።

በበዓል ብዛት ላይ ያለው ክርክር

በሥርዓቱ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ የበዓላቱ ብዛት ድህነትን ያመጣል የሚለው ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆኑን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ካስረዱ ጀምሮ፣ ከእርሻ የሚወጣው ቀን ስንት እህል ያስቀራል የሚለው ጥያቄ በተማሩት ዘንድ አልተቋረጠም። ዝናቡ በሁለት ወር በሚያልቅበት በዋግ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ ዝናብ የጣለበት ሰኞ ግዝት በዓል ቢሆን ማሳው የሚጠብቀው እስከ ማግሥቱ ነው፣ ማግሥቱ ደግሞ ፀሐይ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ተቃውሞ ሁለት መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሥራው በሰው ብቻ የሚሠራ አለመሆኑ ነው፤ በክረምቱ መግቢያ በሬው ከረጅም በጋ የወጣ፣ ድርቆሽ ያለቀበትና አቅሙ የተዳከመ ስለሚሆን፣ ሳያርፍ ቢጠመድ ዘሩ ሳይጠናቀቅ ይወድቃል፤ ሰንበት ለሰው እንደ ተደነገገ ሁሉ ለቀንበሩም የሚጠቅም ነው። ሁለተኛው መልስ በዓላት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የእርሻውን መጋጠሚያ ጠብቆ የሚውል በዓል፣ እንደ ሻደይ ያለው፣ የሚያስቀረው ሥራ ጥቂት ሲሆን የሚመልሰው ጉልበት ብዙ ነው፤ በዘር ሳምንት መካከል እየገባ የሚቆርጠው ወርኃዊ በዓል ግን ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን ጉዳት በእርግጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ በዓል ይብዛ ወይስ ይነስ ከማለት ይልቅ የትኛው ዕረፍት የት ይቀመጥ ወደሚለው ቢዞር ለገበሬውም ለካህኑም ይበጃል።

ከዚህ የከበደው ግን የረሃብ ጉዳይ ነው። ነሐሴ የጎተራ ማለቂያ ወር ነው፤ ያለፈው እህል ተሟጦ፣ የሚመጣው ገና ሣር ሆኖ የሚታይበት ጊዜ በመሆኑ፣ ሻደይ በጥጋብ ላይ የተመሠረተ በዓል ሆኖ አያውቅም። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ የነበረ ሲሆን፣ የሕፃናት መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረት ምክንያት ዕድሜው ከሚፈቅደው ቁመት በታች መቅረት፣ ዛሬም የአካባቢው ችግር ነው። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው መርሐ ግብር የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህች ከተማ ስም መጠራቱ የዚሁ ምስክር ነው። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነትም በዞኑ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል። በልቶ ያላደረ ሰው ሥራ ቢፈታ ያ ዕረፍት አይባልም፤ ስለሆነም ወቅትን የማጣጣም ጉዳይ ከመስኖ፣ ከአፈር ጥበቃና ከሰላም ጉዳይ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ልጃገረዶቹ በጎደለ ጎተራ ፊት ሲዘፍኑ የሚሰጣቸው እፍኝ እህል ከቤት ወደ ቤት የሚዞር መሆኑ በራሱ ያላቸውን ከሌላቸው ጋር የማካፈያ ትንሽ መንገድ ነው።

የደመወዝተኛው ዕረፍት

ወደ ከተማ የገባው የዋግ ልጅ፣ በሰቆጣ መሥሪያ ቤትም ሆነ በአዲስ አበባ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ዕረፍቱን የሚያገኘው ከሌላ ምንጭ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ዕረፍትንና በየጊዜው የሚሰጥ ባለ ክፍያ ፈቃድን የሰው ሁሉ መብት ያደረገ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ይህን ለሠራተኞች አረጋግጧል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የዓመት ፈቃድም 16 የሥራ ቀናት ነው። እነዚህ መብቶች በቀላሉ የተገኙ አይደሉም፤ በፈረንሳይ እንኳ ሠራተኛው ለሁለት ሳምንት ባለ ክፍያ ፈቃድ በሕግ የበቃው በ1936 እ.ኤ.አ. ከታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ነው።

ሕጉ ቀን ሲሰጥ ባልንጀራ ግን አይሰጥም። የደመወዝተኛው ፈቃድ በአሠሪው ፕሮግራም የሚወጣ የግል ፈቃድ ስለሆነ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል፤ ያረፈውም ስልኩ እየጠራ፣ ያልጨረሰው ሥራ እየታወሰው ይውላል። በአንጻሩ ሕጉ የሚመለከተው በቅጥር ላይ የተመሠረተውን ሥራ በመሆኑ በአባቷ ማሳ የምታርመው፣ ለእናቷ ውኃ የምትቀዳው ልጅ የዓመት ፈቃድ የላትም፤ እርሷን የሚያሳርፋት ልማዱ ብቻ ነው። አንዱ ቀን ኖሮት ኅብረት ያጣ፣ ሌላዋ ኅብረት ኖሯት ሕግ ያጣች ናቸው። ከተሜው የዓመት ፈቃዱን ለነሐሴ አጋማሽ አቆይቶ ወደ ሰቆጣ ሲመለስ፣ ይህም በየዓመቱ የሚታይ ልማድ ነው፣ ሁለቱን በራሱ ብልሃት እያገናኘ መሆኑ ነው።

ከዚሁ ጋር አዲስ ፈተና መጥቷል። ሻደይና እኅት በዓላቱ በመድረክ፣ በቴሌቪዥንና በቱሪዝም ማስታወቂያ እየታወቁ መሄዳቸው ለከተማዋ ገቢና ክብር ያመጣል፤ ነገር ግን በዓሉ ለእንግዳ የሚቀርብ ትርኢት ሲሆን ልጃገረዷ ሰዓት ተቆርጦላት የምትሰለፍ፣ በፀሐይ ቆማ ንግግር የምታዳምጥ፣ ልብሷን በውድ የምታስገዛ አቅራቢ ትሆናለች። ለዕረፍት የተሰጣት ሳምንት ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ ተለወጠ ማለት ነው። መፍትሔው መድረኩን መከልከል አይደለም፤ የመድረኩ ዝግጅት በአንድ ቀን ተወስኖ ቀሪዎቹ ቀናት ለቡድኖቹና ለየሰፈሩ ቢተዉ፣ እንግዳውም የሚያየው ነገር ከተለማመደው ትርኢት ይልቅ የሚጣፍጥ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ለገጠሬውም ለከተሜውም አንድ ነው። ከሥራ መቀዝቀዝ የሚቻለው ሥራ ሲያልቅ አይደለም፣ ሥራ አያልቅምና፤ የሚቻለው ቀኑ በሥራው መጋጠሚያ ላይ አስቀድሞ ሲቆረጥ፣ አብረው የሚሠሩት አብረው ሲቆሙና የማይቀረውን ሥራ ማን እንደሚሠራ በግልጽ ሲታወቅ ነው። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ልጅቱ ስትጫወት እንስራው የሚዛወረው ወደ እናቷ ጀርባ ከሆነ ቤቱ ዕረፍትን ከአንዷ ወደ ሌላዋ አሻገረ እንጂ አልጨመረም። ስለዚህ የሻደይን ጤንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአደባባዩ ድምቀት በፊት ነሐሴ 17 ቀን ማለዳ ወደ ምንጩ ወርዶ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ይመልከት፤ እዚያ አባቶችና ወንድሞች ከተገኙ በዓሉ ሥራውን እየሠራ ነው።